አዲስ መታጠቢያ ቤት ለማሠራት ባለሙያ ስለ መምረጥ

በናይሮቢ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የሚገኘው ካሳራኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተከፈተው በሞይ ዓለም አቀፍ የስፖርት ማዕከል ስሙ የታወቀ ሰፈር ነው። ዛሬ ብዙ ባለ ፎቅ ቤቶች ስለ ተሠሩበት፣ አሮጌውን መታጠቢያ ቤት አፍርሶ አዲስ የሚያሠራው ሰው ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚጠራው ባለሙያ በስዋሂሊ ቋንቋ ፉንዲ ይባላል። ፉንዲ አይታጣም፤ የሚያስቸግረው ግን ከብዙዎቹ መካከል የሚበጀውን መለየት ነው።

የግድግዳ ቀለም የተበላሸ እንደ ሆነ ወዲያው ይታያል። የቧንቧው መጋጠሚያ፣ የፍሳሹ መውረጃና ውሃ እንዳይሰርግ የሚቀባው መከላከያ ግን በስሚንቶና በሴራሚክ ተሸፍነው ይቀራሉ። ጥፋታቸው የሚገለጸው ገንዘቡ ተከፍሎ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ፣ በታችኛው ፎቅ ጣራ ላይ ርጥበት ሲወጣ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሊመዘን የሚገባው በሚያብረቀርቀው ንጣፍ ሳይሆን በሚሸፈነው ሥራው ነው።

1ኛ/ ስለ ሙያ ማስረጃ። በኬንያ ከፉንዲዎቹ ብዙዎቹ ሙያቸውን የተማሩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከነባር ሠራተኞች ጋር እየሠሩ ስለ ሆነ፣ ዲፕሎማ የሌለው ሁሉ ሙያ የለውም ማለት አይገባም። ለእንዲህ ያሉት ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን የሙያ ፈተና ይሰጣል፤ ደረጃውም ከ3ኛ ተነሥቶ እስከ 1ኛ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣንም የግንባታ ሠራተኞችን ይመዘግባል። ከማስረጃው ቀጥሎ፣ ባለሙያው ከአንድ ዓመት በፊት የሠራውን መታጠቢያ ቤት ሄዶ መመልከት ይጠቅማል፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራልና።

2ኛ/ ስለ ምርመራ። ጥሩ ባለሙያ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል። በናይሮቢ ውሃ በተራ ስለሚታደል፣ የጣራው ታንከር ምን ያህል እንደሚይዝና ከሻወሩ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ተቀመጠ ማወቅ አለበት፤ ፓምፕ ከሌለ የውሃው ግፊት የሚገኘው ከከፍታው ብቻ ነው። ፍሳሹም ወደ ከተማው መስመር ወይም በግቢ ውስጥ ወዳለ ጉድጓድ መሄዱን ያጣራል። ይህን ሳያይ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ሊታመን አይገባም።

3ኛ/ ስለ ኤሌክትሪክ። ውሃውን በሻወሩ ራስ ላይ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ መሣሪያ በናይሮቢ ቤቶች የተለመደ ነው። የ240 ቮልት ኃይል ከርጥብ ገላ አጠገብ የሚሠራ በመሆኑ፣ የመሬት ሽቦው ያልታሰረ እንደ ሆነ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የቧንቧ ሠራተኛው «እኔው አያይዘዋለሁ» ቢል እንኳ ሊፈቀድለት አይገባም፤ ሥራው የኃይልና የነዳጅ ቁጥጥር ባለሥልጣን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሲያን ይሰጥ።

4ኛ/ ስለ ውልና ክፍያ። ከሦስት ባለሙያዎች በአንድ ዓይነት ዝርዝር ዋጋ ይጠየቅ፤ የዕቃውና የእጅ ዋጋውም ተለይቶ ይጻፍ። ከሁሉ ያነሰው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው አንድ ነገር ስለ ተተወበት ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይከፈል፤ እያንዳንዱ ክፍያ ሥራው ከታየ በኋላ ይሁን። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበል።

5ኛ/ ስለ ፈተና። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቧንቧው በግፊት ይፈተን፤ መስመሩም ፎቶግራፍ ይነሣ። የፍሳሽ ቧንቧው በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቁ ይለካ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት መውረጃው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይሙላና ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ በታችኛው ቤት ርጥበት ካልታየ ሥራው ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ለካሳራኒ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ከተማ ይሠራል። የማዘጋጃ ቤት ሹማምንትም ተፈትነው ያለፉትን ባለሙያዎች ስም ዝርዝር በግልጽ ቢለጥፉ ሕዝቡን ከብዙ ኪሣራ ያድናሉ። ፈተናውን በደስታ የሚቀበለው ባለሙያ ሊመረጥ ይገባል፤ ሥራውን ቶሎ ለመሸፈን የሚቸኩለው ግን ዋጋው ቢረክስም ይቅር።