ልጆች፣ ይህን ታውቁ ኖሯል? ዳይኖሰሮችና የጥንት ፍጥረታት

ግዙፎቹን ዳይኖሰሮች በሕይወት ያየ ሰው የለም። ስለ እነሱ የምናውቀው ሁሉ የተገኘው አጥንትን፣ ጥርስን፣ እንቁላልን፣ የእግር ዱካንና የድንጋይ ንብርብርን አትኩረው ከመረመሩ ሰዎች ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ልጆችና ተማሪዎችም ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ ስታነቡ «ይህ እንዴት ታወቀ?» እያላችሁ ጠይቁ። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዘመኑ ምን ያህል ይርቃል?

● ዳይኖሰሮች በምድር ላይ ብቅ ያሉት የዛሬ 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ግዙፎቹ የጠፉት ደግሞ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ነው። የእኛ ዝርያ፣ ማለትም ዘመናዊው ሰው፣ ገና 300 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ነው ያለው።

● ስቴጎሳውረስና ቲ-ሬክስ በሥዕል መጽሐፍ ላይ ጎን ለጎን ይሳላሉ እንጂ ተገናኝተው አያውቁም። ስቴጎሳውረስ የኖረው የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን ቲ-ሬክስ የመጣው ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ቲ-ሬክስ በዘመን ከስቴጎሳውረስ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል!

● በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው የጥንት የሰው ዘመድ ድንቅነሽ የኖረችው የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እሷም ብትሆን ከመጨረሻዎቹ ግዙፍ ዳይኖሰሮች ጋር ከ62 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይለያታል። ሰው ከዳይኖሰር ሲሸሽ የምናየው በፊልም ብቻ ነው።

ትልቁና ትንሹ

● በዓለም ላይ ተገጣጥመው ከቆሙት የዳይኖሰር አጽሞች ሁሉ ረጅሙ የአፍሪካ ነው። ጂራፋታይታን ይባላል፤ ቁመቱ 13.27 ሜትር ነው፤ ከአራት ፎቅ ቤት ጋር ይተካከላል። አጥንቶቹ የተገኙት በታንዛኒያ፣ ቴንዳጉሩ በሚባል ኮረብታማ ስፍራ ሲሆን ዛሬ የቆመው በጀርመን አገር በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ከ1909 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ቁፋሮውን የሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ከ200 ቶን በላይ የሚመዝነውን ቅሪተ አካል በራሳቸውና በትከሻቸው ተሸክመው፣ ለቀናት በእግር እየተጓዙ ሊንዲ ወደብ አድርሰዋል። ከቁፋሮው መሪዎች አንዱ ቦሄቲ ቢን አምራኒ የሚባል አፍሪካዊ ነበር። ሙዚየሙ በዚያ አጽም ሲኮራ የእነዚህ ሰዎች ድካምም አብሮ ሊነሳ ይገባል።

● ሁሉም ዳይኖሰር ግዙፍ አልነበረም። በቻይና የተገኘው ማይክሮራፕተር ቁራ የሚያህል ነበር። ረጃጅም ላባ የነበረው በክንዶቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በእግሮቹም ላይ ስለነበር አራት ክንፍ ያለው ይመስል ነበር።

● የቲ-ሬክስ ጥርስ ከነሥሩ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ማስመሪያችሁን አውጡና ርዝመቱን እዩት። የጥርሱ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። አንዱ ሲሰበር ወይም ሲነቀል በምትኩ ሌላ ይበቅል ነበር፤ ይህም በሕይወቱ ዘመን ሁሉ አይቋረጥም።

● ዓይነ ምድርም ቅሪተ አካል ይሆናል። በ1998 በካናዳ የቲ-ሬክስ ሳይሆን እንዳልቀረ የታመነበት፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ዓይነ ምድር ይፋ ተደረገ። ርዝመቱ 44 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በውስጡ የተፈጨ አጥንት ነበረበት። አውሬው ሥጋውን ብቻ ሳይሆን አጥንቱንም እየሰባበረ ይውጥ እንደነበር የታወቀው በዚህ ነው።

ስህተቱ እንዴት ታረመ?

● እንግሊዛዊው ሐኪም ጊዲዮን ማንቴል በ1825 ኢጓኖዶን ብሎ የሰየመው ዳይኖሰር መጀመሪያ ሲሳል አፍንጫው ላይ ቀንድ ተደርጎለት ነበር። ሹል አጥንት ተገኝቶ ቦታው ስላልታወቀ ነው። በ1878 ግን በቤልጂየም የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች 322 ሜትር ጥልቀት ላይ ከ30 የሚበልጡ የኢጓኖዶን አጽሞች አገኙ። አጽሞቹ አልተበታተኑም ነበርና ነገሩ ተፈታ፤ ያ «ቀንድ» የእጁ አውራ ጣት ነበር።

● በስሙ የተበደለ ዳይኖሰርም አለ። በ1923 ከኒውዮርክ የተነሡ አሳሾች በሞንጎሊያ፣ በጎቢ በረሃ የዳይኖሰር እንቁላሎች አገኙ። ከእንቁላሎቹ በላይ አንድ ትንሽ ዳይኖሰር ሞቶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንቁላሎቹ በአካባቢው በብዛት የሚገኘው የሌላው ዳይኖሰር፣ የፕሮቶሴራቶፕስ፣ ናቸው ብለው ስላሰቡ ሟቹን ሊሰርቅ ሲል የተያዘ ሌባ አደረጉት፤ ኦቪራፕተር፣ ማለትም የእንቁላል ሌባ፣ የሚል ስምም ወጣለት። ሰባ ዓመት አለፈ። በ1993 በዚያው በረሃ ተመሳሳይ እንቁላል ተገኘ፤ በውስጡም ገና ያልተፈለፈለ ጫጩት አጥንት ነበረ። አጥንቱ ሲመረመር የፕሮቶሴራቶፕስ ሳይሆን የኦቪራፕተር ወገን ሆነ። ጎጆው ላይ ክንዶቹን ዘርግቶ እንደታቀፈ የሞተ ዘመዱም ተገኘ። «ሌባ» የተባለው ለካ የራሱን እንቁላል የሚጠብቅ ወላጅ ኖሯል! ስሙ ግን በሳይንስ ደንብ መሠረት እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ዳይኖሰር በግቢያችን

● ዶሮ ዳይኖሰር ናት። ወፎች ሁሉ የመጡት ከትንንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ነው፤ ሳይንቲስቶችም ወፎችን ከዳይኖሰር ወገን ይቆጥሯቸዋል። የዶሮዋን እግር ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ወደ ፊት የተዘረጉ ሦስት ጣቶች፣ ሹል ጥፍሮችና ቅርፊት የለበሰ ቆዳ አለው። ቲ-ሬክስም የሚራመደው በሦስት ጣት ነበር።

● በ1996 በቻይና የተገኘው ሲኖሳውሮፕተሪክስ ሰውነቱ ለስላሳ ላባ መሰል ነገር የለበሰ ነበር። በ2010 ተመራማሪዎች በዚያ ላባ ውስጥ የተረፉትን ቀለም ሰጪ ጥቃቅን አካላት በማይክሮስኮፕ አጥንተው ጭራው ቀላ ያለ ቡናማና ነጭ እያፈራረቀ የተዥጎረጎረ እንደነበር አረጋገጡ። የዳይኖሰርን ቀለም ከግምት ወጥተን ማወቅ የጀመርነው ያኔ ነው።

● ቴሮሳውር የሚባሉት በራሪዎች ግን ዳይኖሰሮች አይደሉም፤ ዘመዶቻቸው ናቸው። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ኬትዛልኮአትለስ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ነበር። በ1971 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ያገኘው ዳግላስ ሎሰን ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

● እንግሊዛዊቷ ሜሪ አኒንግ ከድሃ ቤተሰብ የተወለደች፣ በባሕር ዳርቻ ቅሪተ አካል እየለቀመች በመሸጥ ኑሮን የምትደጉም ልጅ ነበረች። የ12 ዓመት ልጅ ሳለች ከወንድሟ ጋር የኢክቲዮሳውርን፣ ማለትም የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳን፣ አጽም አወጣች። ታላላቅ የዘመኑ ምሁራን ከእሷ ተምረዋል፤ ይሁን እንጂ ሴት በመሆኗ የለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር አባል እንድትሆን አልተፈቀደላትም።

በኢትዮጵያ ምድር

● በዳይኖሰር ዘመን የአገራችን ሰፊ ክፍል ባሕር ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ በአባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ በመቀሌ ዙሪያ ያለውም፣ በባሌ የወይብ ወንዝ ቦርቡሮ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሠራበትም የዚያ ባሕር ወለል ነው። ለሲሚንቶ የሚፈጨው የሙገር ድንጋይም ከዚያው ባሕር የመጣ ነው። በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪቶች ይገኛሉ።

● ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ጭቃና አሸዋ አመጡ። የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚባለው በዚህ ንብርብር ውስጥ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖሩ ዳይኖሰሮች ጥርሶች ተገኝተዋል። አዎ፣ ዳይኖሰሮች በኢትዮጵያም ኖረዋል!

● ከጎንደር በስተ ምዕራብ የምትገኘው ጭልጋ ለአንድ የጥንት እንስሳ ስሟን ሰጥታለች። ጭልጋቴሪየም የተባለው ይህ የዝሆን ዘመድ የኖረው የዛሬ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እዚያው አካባቢ አርሲኖይቴሪየምም ተገኝቷል፤ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ነበሩት። አውራሪስ ይመስላል እንጂ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው።

ከዳይኖሰር በፊትና በኋላ

● የዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ዳይኖሰሮች ገና ሳይመጡ፣ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው አርትሮፕለራ የተባለ የብዙ እግሮች ባለቤት በጫካ ውስጥ ይሳብ ነበር። ሜጋኒውራ የተባለው የውኃ ተርብ ዘመድ ደግሞ ክንፉ ሲዘረጋ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር።

● ግዙፎቹን ዳይኖሰሮች ያጠፋቸውን ነገር የጠቆመው ስስ የሸክላ ንብርብር ነው። አባትና ልጅ የሆኑት ሉዊስና ዋልተር አልቫሬዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጣሊያን፣ ጉቢዮ አጠገብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ውፍረት ያለውን ሸክላ መረመሩ። በምድር ገጽ ላይ እጅግ ብርቅ የሆነውና በሕዋ ድንጋዮች ውስጥ የሚበዛው ኢሪዲየም በውስጡ ከሚጠበቀው በላይ በዝቶ ተገኘ። በ1980 «ከሕዋ የመጣ ግዙፍ ድንጋይ ምድርን መቷል» አሉ። ቆይቶም የመታበት ቦታ በሜክሲኮ፣ በዩካታን ታወቀ፦ ቺክሹሉብ የተባለ፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የተቀበረ ጉድጓድ ነው። ድንጋዩ ራሱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። የተነሣው አቧራና ጥላሸት ፀሐይን ጋረደ፤ ዕፅዋት ደረቁ፤ ዕፅ በሎቹ ተራቡ፤ ሥጋ በሎቹም ተከተሏቸው። አዞ፣ ኤሊ፣ እንቁራሪት፣ ወፍና ትንንሽ አጥቢዎች ግን ተረፉ። እኛም የመጣነው ከእነዚያ አጥቢዎች ነው።

● ሲላካንት የተባለው ዓሣ ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ ጠፍቷል ይባል ነበር። በ1938 በደቡብ አፍሪካ የሙዚየም ሠራተኛዋ ማርጆሪ ኮርትኒ-ላቲመር አጥማጆች ካመጡት ዓሣ ክምር ውስጥ አንድ ሰማያዊ ዓሣ አየች። እንግዳ ነገር መሆኑ ስለገባት ሥዕሉን ሥላ ለዓሣ ሊቅ ላከች። ሲላካንት ነበር!

● የመጨረሻዎቹ ማሞቶች በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በራንግል ደሴት ከዛሬ 4 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እስከነበረው ጊዜ ድረስ ኖረዋል። የጊዛ ፒራሚዶች በዚያን ጊዜ ተሠርተው አልቀው ነበር።

ቅሪተ አካል ያገኛችሁ ቢመስላችሁስ?

አትንቀሉት፣ አትስበሩት፣ ወደ ቤትም አትውሰዱት። ከጎኑ እስክሪብቶ አስቀምጡና ፎቶ አንሡት፤ መጠኑ በዚያ ይታወቃል። ቦታውን በደንብ ጻፉና ለመምህራችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። የድንቅነሽ ዕድሜ የታወቀው አጥንቷ ከነበረበት ንብርብር ጋር ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመመርመር ነው። አጥንት ከንብርብሩ ከተለየ ዕድሜውን የሚነግረን ምስክር አብሮ ይጠፋል። በቦታው የተዋችሁት ድንጋይ ግን ነገ ተመራማሪ ሆናችሁ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል።