ዝምታን በየስሙ ስለ መጥራት

ስለ ምላስ ጥፋት ብዙ ጊዜ ትምህርት ይሰጣል። ዛሬ ግን ምላስ ሲያርፍ የሚሆነውን ነገር በየስሙ ለይተን ልንናገር አስበናል። አማርኛችን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ ዳሩ ግን ሁሉን በአንድነት ጸጥታ ብለን ስለምንጠራው፥ በቤታችን የገባውን ሕመም ጤና ነው እያልን የምንኖር ብዙዎች ነን።

አስቀድመን ዝምታንና ጸጥታን እንለይ። ዝምታ መናገር የሚችል ሰው ንግግሩን ሲተው ነው። ጸጥታ ግን ሁከትና መናወጥ በሌለበት ሁሉ ይነገራል፤ ሰውም፥ ስፍራም፥ ባሕርም ጸጥ ይላል። (በመንግሥት ቋንቋማ የአገር ደኅንነት ማለት ሆኗል።) ጌታችን ማዕበሉን እንደ ገሠጸ በሚነገርበት በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 4 በቁጥር 39፥ በአማርኛው መጽሐፍ ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ይገኛሉ፤ እኛ እንደምንረዳው አንዱ ጩኸቱን፥ ሁለተኛው መናወጡን የሚያስተው ነው። ባሕር ዝም በል መባሉም ሰሚ ጆሮ እንዳለው አገልጋይ መታዘዙን ያሳያል።

ጭር ማለት ደግሞ የሰው መታጣት አለበት። ገበያ ሲፈታ አደባባዩ ጭር ይላል፤ ሕዝቡ ቆሞ ወንጌል የሚሰማበትን ቤተ ክርስቲያን ግን ጸጥ ያለ እንጂ ጭር ያለ አንለውም። እረጭ ያለ የሚባለው ቅጠል እንኳ የማይንቀሳቀስበት ሌሊት ነው።

ጭጭ ማለት ከፍርሃት ወይም መልስ ከማጣት ይመጣል። አባቱ በገባ ቁጥር ጭጭ የሚለውን ልጅ ረጋ ያለ ልጅ ነው ብለው የሚያመሰግኑ ወላጆች አሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እርጋታ ከውስጥ የሚገኝ ነው። እርጎም የወጣው ረጋ ከሚለው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ወተትም እየተናጠ አይረጋም።

አርምሞ ከግእዝ የመጣ ቃል ነው፤ መናገር እየቻሉ ስለ እግዚአብሔር ብሎ መተው ነው። ስለዚህ ካህኑ ዘካርያስ መልአኩን ባለማመኑ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የሆነውን አርምሞ አንለውም፤ ቅጣት ነበረና። የኢዮብ ወዳጆች ግን ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ተቀመጡ። በኋላ ብዙ ተናገሩ፤ በንግግራቸውም እግዚአብሔር ተቈጣ፤ ከሁሉ የተሻለው ማጽናናታቸው ያ ዝምታ ነበር። ለቅሶ ደርሰን ቃል ሲጠፋብን ዝም ብለን ከሐዘንተኛው አጠገብ ብንቀመጥ ነውር አይደለም።

ይልቁንም የሚያሳዝነን ኩርፊያ ነው። ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ሳምንት ያልፋል፤ ማዕዱ ይቀርባል፥ በሩ ይዘጋል፥ ቃል ግን የለም። ጎረቤት እንዴት ያለ ጸጥተኛ ቤት ነው ይላል። የንስሐ አባት መጥቶ ሲጠይቅም ሰላም ነን ብለው ጠበል ጻዲቅ ያቀርቡለታል። እርሱም ባርኮ ይሄዳል፤ ምን ያድርግ? እኛ ካህናት ልብን አናይም። ከሁለቱ አንዱ ደፍሮ፥ አባታችን ተኳርፈናል ቢለን ግን፥ ሁለቱን በአንድነት አስቀምጠን የተቀያየሙበትን ነገር ከሥሩ ለመጠየቅ መንገድ እናገኛለን።