ወንጭፍና ደብተር

ከመካከላችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከማማ ላይ ቆመው ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ የጠበቁ ስለ ሆኑ፥ ወንጭፍ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መግለጥ አያስፈልግም። «ግንባሩን ብለን ግንባሩን እንመታ ነበር» እያልን በመኝታ ክፍላችን ስንፎክር፥ ከተማ ያደገ አንድ ጓደኛችን «እንግዲያው አሳዩን» አለ። ሰው ከማያልፍበት ሜዳ ሄደን አንድ አሮጌ ጆንያ በሁለት እንጨት መካከል ወጠርንና 30 እርምጃ ርቀን ቆምን። ከ50 ድንጋይ ጆንያውን ያገኘው 6 ብቻ ሆነ።

ኀፍረቱ ካለፈልን በኋላ ምክንያቱን መረመርን። ማሽላ ጠባቂ ዒላማውን ባይመታም ሥራው ይፈጸምለታል፤ ድንጋዩ በአጠገቡ ሲያፏጭ ወፉ ይበራል፥ ዝንጀሮውም ይሸሻል። ስለዚህ መሳታችንን የሚነግረን አልነበረም። ዲዮዶሮስ የተባለው የጥንት ግሪካዊ ጸሐፊ ግን ስለ ባሌአር ደሴቶች ሰዎች ሲተርክ፥ እናቶች ዳቦውን ዒላማ አድርገው እያቆሙ፥ ልጁ በወንጭፍ እስኪመታው ድረስ እንዳይበላ ይከለክሉት ነበር ይላል። እኛ ራሳችንን ዳቦ ለመከልከል አልደፈርንም (የምግብ ቤታችን ዳቦ እንደ ሆነ ድንጋዩን ሳይመልሰው አይቀርም)፤ በዳቦው ፈንታ ደብተር ያዝን።

በደብተሩ ላይ «መታ፥ ሳተ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ድንጋዩ በቀኝ፥ በግራ፥ በላይ ወይም በታች ማለፉ ይጻፍ። ወንጭፉን በቀኝ እጁ ይዞ ከራሱ በላይ፥ በፊቱ በኩል ከቀኝ ወደ ግራ የሚያዞር ሰው ገመዱን ዘግይቶ ሲለቅ ድንጋዩ ወደ ግራ፥ ቀድሞ ሲለቅ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እንግዲህ የሳቱት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካደሉ ጥፋቱ አንድ ነው፥ ይታረማል። ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ግን አስቀድሞ ድንጋዮቹን መመርመር ነው፤ አንዱ ሎሚ፥ ሌላው ብርቱካን ሲያህል እጅ ልኩን አያገኝም። እኛም ከወንዝ ዳር የለቀምናቸውን በሚዛን እየመዘንን ከ60 እስከ 70 ግራም የሆኑትን ብቻ አስቀረን። በአንድ ቀን ግን ድንጋዩንም የገመዱን ርዝመትም መለወጥ አይገባም፤ የትኛው እንደ ጠቀመ አይታወቅምና።

ጸሐፊው ከወርዋሪው አጠገብም ሆነ ከበስተኋላው በቅርብ አይቁም። ድንጋይ ወደ ኋላ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ፤ ከዛፍ ግንድ ተከልሎ መጻፍን የተማርነውም ከአንድ እንዲህ ካለ ድንጋይ ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 የተነገረላቸው 700 ብንያማውያን ግራኞች ጠጉር እንኳ አይስቱም ነበር ይባላል። እኛ ባለፈው ቅዳሜ ከ50 ድንጋይ 17 አገባን። ከቀሩት 33 ውስጥ 21ዱ በግራ በኩል አልፈዋል፤ ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ገመዱን ትንሽ ቀደም አድርገን እንለቃለን።