ሕፃን ሲያቀረሽ ጥፋቱ የወተት ነውን?

የዛሬው ንግግራችን ጨቅላ ልጅ ያላችሁን እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ምክር የምትሰጡ አያቶችንና ጎረቤቶችን ይመለከታል። በቅድሚያ በደብተራችሁ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፤ «ቅርሻት»። ቅርሻት ማለት ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ሳይጨነቅ በአፉ የሚመልሰው ወተት ነው። ትውከት ግን ሆድን አስጨንቆ በኃይል የሚወጣ ነው። የሁለቱን ልዩነት የያዘ ሰው የትምህርቱን ግማሽ ጨርሷል።

ቅርሻት ለምን ይመጣል? የጠባው ወተት ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ከታች በኩል እንደ ከረጢት አፍ የሚዘጋ ጡንቻ አለው። በጨቅላ ልጅ ይህ ጡንቻ ገና አልጠነከረም። በዚያ ላይ ጨጓራው ትንሽ ነው፤ ምግቡ ፈሳሽ ነው፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ስለዚህ የጠባው ተመልሶ ይፈሳል። ከ10 ሕፃናት ቢያንስ 4ቱ ያቀረሻሉ። ብዙውን ጊዜ 2 ወር ሳይሞላቸው ይጀምራቸዋል፤ 4 ወር ገደማ ይበረታል፤ ከሚያቀረሹት ከ10ሩ 9ኙን ዓመት ሳይሞላቸው ይተዋቸዋል። እያቀረሸም ቢሆን ደህና የሚጠባና ክብደቱ የሚጨምር ልጅ ጤነኛ ነው። መድኃኒቱ ማደግ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ልጅ ሲያቀረሽ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ «ጡትሽ አልተስማማውም፣ አስጥይው» ትላለች። ሌላዋ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ትላለች። እንጥል ማስቆረጥ ቅርሻትን አያቆምም፤ ይልቁንም ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያመጣ ይችላል። ጡት አስጥሎ በጡጦ የላም ወተትና ውኃ መስጠትም ሕፃኑን ለተቅማጥ ያጋልጠዋል። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት ሌላ ውኃም እንኳ አያስፈልገውም።

ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ወተት በእርግጥ የሚጎዳቸው ሕፃናት አሉ። ይህ የላም ወተት አለርጂ ይባላል። ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት የሚከላከልበት ኃይል አለው። በእነዚህ ሕፃናት ይህ ኃይል የላም ወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። እናቲቱ ከጠጣችው ወተት ጥቂት ፕሮቲን በጡቷ ስለሚያልፍ፣ ጡት ብቻ የሚጠባውንም ልጅ አልፎ አልፎ ይነካዋል። ግን ጥፋቱ የጡት አይደለም፤ የሚጎዳው የላሟ ፕሮቲን ነው።

እስቲ አስቡት፤ በሁዳዴ 55 ቀን ወተትና ቅቤ ያልቀመሰች እናት ልጅም ያቀረሻል። ቅርሻት ሁሉ ከላም ወተት ቢሆን ኖሮ፣ ሁዳዴ ሲገባ የጾመኛ እናቶች ትከሻ በደረቀ ነበር።

አለርጂን የሚያስጠረጥረው ቅርሻት ብቻውን ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚመጣው ነው፦ ችፌ ወይም የቆዳ ሽፍታ፣ ደም ወይም ንፍጥ ያለበት ሰገራ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ክብደት አለመጨመር። እነዚህ ሲታዩ ልጁን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ይመዘን። ባለሙያው ከተስማማ እናቲቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ትተዋለች፤ ማጥባቷን ግን አትተውም። ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ጎመን ትብላ። ልጁ ከተሻለው ወተቱን እንደገና ትሞክራለች። ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂ ነው፤ ካልተመለሰ ራሷን በከንቱ አትጉዳ። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ከላሟ ጋር ይመሳሰላልና።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ሕፃኑን ሳትቸኩሉ አጥቡት። እስኪያገሳ ጀርባውን መታ መታ አድርጉት። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ሲተኛ በጀርባው ይተኛ እንጂ በሆዱ አይደፋ።

ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፣ እየተስፈነጠረ የሚወጣ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ካተኮሰው፣ አልጠባም ካለ ወይም ሽንቱ ካነሰ ነገ አትበሉ። ወተት ቀምሶ ወዲያው ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረም በዚያችው ሰዓት ወደ ሕክምና ሩጡ።

አሁን በየቡድናችሁ ተወያዩባቸው፦
1. ቅርሻትና ትውከት በምን ይለያያሉ?
2. የሚያቀረሽ ልጅ ጤነኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?
3. «እንጥሉ ይቆረጥ» ለሚል ጎረቤት ምን ትመልሳላችሁ?

ለዛሬው በዚህ ይብቃን።