ሰያፉ መስመር ጥርስ ካወጣ

አክሪሊክ ላይ የታተመ ሥዕል ሊገዛ የሚያማክረኝን ሰው፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሰያፍ መስመር ፈልጎ አፍንጫውን አስጠግቶ እንዲያየው እነግረዋለሁ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። የአበባ ሥዕል ላይ ቅጠሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ማንም ልብ አይለውም። ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያለበት ሥዕል ግን ገመና አይሸፍንም። ከስልክ የወረደ ትንሽ ምስል አንድ ሜትር ድረስ ሲለጠጥ ሰያፉ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። ስለዚህ ፋይሉ ቬክተር መሆኑን ይጠይቁ። ቬክተር የሚይዘው የቅርጹን ስሌት ስለሆነ የቱንም ያህል ቢያድግ ጠርዙ አይበላሽም። ፋይሉ እንደ ፎቶ በነጥብ የተሠራ ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ሥዕል እኔ በሚታተምበት መጠን በኢንች 300 ነጥብ እጠይቃለሁ።

ብዙ ደንበኛ ይዞ የሚመጣው ሞንድሪያንን ነው። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1944 ስለሞተ፣ በብዙ አገር የቅጂ መብቱ አብቅቷል፤ ማንም ያትመዋል። እኔ ግን አክሪሊክ ላይ አልወድለትም። የሞንድሪያን ነጭ በብሩሽ የተደራረበ፣ ሸካራነት ያለው ነጭ ነው፤ ከሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ሥር ሲገባ የፍሪጅ በር ይመስላል። (በ1976 የሞተው የጆሴፍ አልበርስ ካሬዎች ግን በብዙ አገር ገና መብታቸው የተጠበቀ ነው፤ በርካሽ ካገኟቸው ፈቃዱን ይጠይቁ።) ለአክሪሊክ የሚስማማው ሃንጋሪያዊው ሞሆሊ ናጊ ነው። ፕሌክሲግላስ የሚለው የአክሪሊክ የንግድ ስም ጀርመን ውስጥ በ1933 ከተመዘገበ ጥቂት ዓመታት በኋላ እሱ በዚያው ላይ ይስል ነበር፤ ሥዕሉን ከጀርባው ሰሌዳ አራቅ አድርጎ ይሰቅልና ጥላው ራሱ የሥዕሉ አካል ይሆናል።

ኅትመቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ታትሞ ከአክሪሊኩ ጀርባ የሚለጠፍ ነው፤ ሌላው በዩቪ ማሽን ጀርባው ላይ ተገልብጦ ይታተምና በላዩ ነጭ ቀለም ይደረብበታል። በሁለተኛው አታሚዎች የሚሰስቱት ነጩ ላይ ነው። የስልክዎን ባትሪ ከኋላ ያብሩበት፤ ብርሃኑ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያለ ካሾለከ ነጩ ሳስቷል።

ውፍረቱን 5 ሚሊ ያድርጉት፤ 3 ሚሊ ሰፋ ሲል ይለምጣል። 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 5 ሚሊ አክሪሊክ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያው መጠን መስታወት ቢሆን እጥፍ ይበልጣል። ያም ሆኖ የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ለክፍት ብሎኬት የሚሆን ፊሸር ከቪቴው ጋር ይግዙ። ከመስኮት ፊት ለፊት አይስቀሉት፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት መጋረጃዎን ነው።

ለጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃና አልኮል አክሪሊክን ያደበዝዙታል፣ ይሰነጣጥቁታልም። መስታወት በጋዜጣ የሚወለውል የቤት ሰው ካለ አስቀድመው ይንገሩት፤ አክሪሊክ ቶሎ ይጫራል።