«ቪዛሽ ወጥቷል» ካሏችሁ መጀመሪያ «የምን ቪዛ?» በሉ

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ላይ በቴሌግራም አንድ ፒዲኤፍ ደረሰኝ። የላከችው እዚሁ ደምበጫ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ 19 ዓመቷ ነው። «ወንድምዬ፣ ቪዛዬ ወጣ! እስኪ አንብብልኝ» ይላል መልእክቱ።

አባቷ ለዚህ ወረቀት አንድ በሬ ሸጠዋል። የዓመቱ በርበሬም እዚያው ገብቷል። ደላላው «ዱባይ ነው፣ የቤት ሥራ ነው፣ ቪዛው እጄ ላይ ነው» ብሎ ነው ብሩን የተቀበላቸው።

ፒዲኤፉን ከፈትኩት። ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው። ስሟ አለ፣ ፎቶዋ አለ፣ የፓስፖርት ቁጥሯም ልክ ነው። ኋላ እንዳጣራሁት ወረቀቱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ የምር ቪዛ ነው። ችግሩ ያለው አንዲት መስመር ላይ ነው። የቪዛው ዓይነት በሚለው ቦታ «ቱሪስት፣ 30 ቀን፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ» ይላል።

ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ቡሬ ብትሄዱ «ቪዛ ወጣ» ማለት «ሥራ ተገኘ» ማለት ነው። ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። ግን ቪዛ ሥራ አይደለም። ቪዛ ማለት አንድ አገር «ለዚህ ጉዳይ፣ ለዚህን ያህል ቀን መጥታችሁ ደጄን ማንኳኳት ትችላላችሁ» የሚልበት ፈቃድ ነው። «ለዚህ ጉዳይ» የምትለዋ ቃል ናት ሁሉን ነገር የምትወስነው። ለጉብኝት የተሰጠ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ሰው፣ በር ጥሶ ባይገባም፣ በዚያ አገር ሕግ ሕገወጥ ሠራተኛ ነው።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስን እንውሰድ፤ ዱባይም አቡዳቢም እዚያ ውስጥ ናቸው። የቱሪስት ቪዛ በብዛት የ30 ወይም የ60 ቀን ነው፤ በእሱ መሥራት አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ተሻሽሎ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚቀጥር አሠሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም እንዲቀጣ ተደርጓል። ቀድሞ ከ50,000 እስከ 200,000 ነበር። እስኪ አስቡት፤ ይሄን ሁሉ ቅጣት እያወቀ በቱሪስት ቪዛ የመጣችን ልጅ ቤቱ የሚያስገባ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅቷን ከሰው ዓይን የሚደብቅ ሰው ነው። ደመወዝ ቢከለክላት ፖሊስ ጋ እንደማትሄድ ያውቃል።

ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ቅጣቱ የእሷ ነው፤ በቀን 50 ድርሃም። ዓመት ሲሞላ 18,250 ድርሃም ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2024 ኤምሬትስ ምሕረት አውጃ ቅጣቱን ሰርዛ ነበር። ግን ምሕረት መቼ እንደሚመጣ ጠብቆ የሚኖር ሰው የለም።

ደላላው ይሄን ሁሉ ብትነግሩት መልስ አለው። «ችግር የለም፣ እዚያ ከገባች በኋላ ይቀየርላታል።» ይህች ቃል ናት ብዙ ሰው የበላችው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ብትሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፣ በቀላሉ ትታወቅ ነበር። ፈቃድ ያለው አሠሪ ተገኝቶ፣ አሠሪው የሥራ ፈቃድ አውጥቶ፣ ወጪውን ችሎ ቪዛ የሚቀየርበት አሠራር አለ። ግን ቁልፉ እናንተ እጅ አይደለም፣ ደላላው እጅም አይደለም፤ አሠሪው እጅ ነው። አሠሪው ደግሞ እውነት ሊያስቀጥራችሁ ከፈለገ መጀመሪያውኑ የሥራ ቪዛ መላክ ይችል ነበር። በተለይ ለቤት ሠራተኞች በ2022 የወጣው የኤምሬትስ ሕግ ቅጥሩ ፈቃድ ባላቸው መሥሪያ ቤቶች በኩል እንዲሆን ያዛል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው መቅጠርም ይከለክላል።

የሥራ ቪዛ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። አሠሪው ከአገሩ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያወጣል፣ ከዚያ የመግቢያ ፈቃድ በስማችሁ ይመጣል፤ እሱ ላይ ሥራ የሚል ቃል በግልጽ አለ። ከገባችሁ በኋላ የጤና ምርመራ፣ አሻራ፣ የነዋሪ መታወቂያ ይከተላል። ሳውዲ ላይ ያ መታወቂያ ኢቃማ ነው፤ አሠሪው በ90 ቀን ውስጥ ማውጣት አለበት። ኢቃማ የሌለው ሰው፣ በሥራ ቪዛ የገባ ቢሆንም፣ መንገድ ላይ ሲያዝ የሚያሳየው ነገር የለውም። ስለዚህ ሳውዲ ያላችሁ እህቶች፣ ሦስት ወር ሲሞላ «ኢቃማዬስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔም ጽሑፍ እስክጀምር አላውቅም ነበር።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል) ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ የተቀባይ አገር ኤምባሲ የሚያስከፍለው ሁሉ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የውል ማረጋገጫና የሙያ ብቃት ምዘና ነው። በቃ። «ለቪዛ» ተብሎ ከእናንተ የሚጠየቅ ብር በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። በሬው የተሸጠው እንግዲህ በሕግ የሰውየው ወጪ ለሆነ፣ ያውም የሥራ ላልሆነ ቪዛ ነው።

ፓስፖርቱም ቢሆን ዋጋው የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ መደበኛው 5,000 ብር፣ በ5 ቀን የሚደርሰው 20,000፣ በ2 ቀን የሚደርሰው 25,000 ብር ነው። ለእኛ ቅርቡ ባሕር ዳር ነው። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፣ ደላላም የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው፤ «እኔ አዲስ አበባ ሰው አለኝ፣ ፓስፖርቱን አስወጥቼ እኔው ጋ አስቀምጠዋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ እሺም እምቢም ማለት ከባድ ነው።

ዕድሜ መጨመርም አለ። የ16 ዓመት ልጅ 23 ተብላ ፓስፖርት ይወጣላታል። አዋጁ ከ18 ዓመት በታች ለሥራ መላክን ይከለክላል፤ እዚያ ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን ሰነዷ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ነው። አሻራዋ ግን የራሷ ነው፣ ኋላ ቆይታ በትክክለኛ ዕድሜዋ ላውጣ ብትል አሻራውና ወረቀቱ ይጣላሉ።

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ ጉዞ ቢደርስ እንኳ የምትጠየቁበት ቦታ አንድ አይደለም። ቦሌ ላይ መጀመሪያ የምታገኙት የአየር መንገዱን ሠራተኛ ነው። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ይቀረዋል ወይ? በቪዛው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው ወይ? ፀሐይነሽ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል አስቡት! አየር መንገዱ ይሄን የሚያየው ለጭካኔ አይደለም። የማይገባ ሰው ጭኖ ከሄደ በራሱ ወጪ የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ የእኛው ኢሚግሬሽን አለ። ለሥራ የምትሄዱ ከሆነ በሕጋዊ ስምሪት በኩል ማለፋችሁ ይታያል። «ለጉብኝት ነው» ካላችሁ ደግሞ «የት ታርፊያለሽ? ማን ጋ? ስንት ብር ይዘሻል?» ይመጣል። ደላሎች ለዚህ መልስ ያስጠናሉ፤ «ሆቴል ነው የማርፈው በይ» ይላሉ። ከቤቷ ወጥታ ሆቴል አድራ የማታውቅ ልጅ ያንን ስትናገር ፊቷ ላይ ይታወቃል።

መጨረሻ ላይ የመድረሻው አገር መኮንን አለ። ቪዛ ቢኖርም የመመለስ ሥልጣን አለው፤ ይሄ በየትኛውም አገር ያለ ነው፣ አሜሪካም አውሮፓም። ዱባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱሪስት ቪዛ የሚገቡ ሰዎች የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ ቦታና 3,000 ድርሃም እያሳዩ እንዲገቡ ቁጥጥሩ ጠብቆ፣ ከበረራ የቀሩ መንገደኞች ነበሩ። ለደላላው ግን ሥራው ያለቀው ፒዲኤፉን የላከ ቀን ነው።

እሺ፣ ስልካችሁ ላይ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

መጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግር ጉግል ሌንስ ከፍታችሁ ካሜራውን ወደ ወረቀቱ አድርጉ፣ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። አማርኛው ይንገዳገዳል፣ ግን «ቱሪስት» እና «ሥራ» የሚሉትን አይስትም። ዐረብኛው ላይ «ዚያራ» ጉብኝት፣ «ሲያሃ» ቱሪዝም፣ «ዐመል» ሥራ ነው። ወረቀቱን ፌስቡክ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፤ የፓስፖርት ቁጥራችሁ አለበት።

ቀጥሎ ከምንጩ ማጣራት። ዱባይ የወጣ ቪዛ ጂዲአርኤፍኤ በሚባለው የዱባይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ፣ የሌሎቹ የኤምሬትስ ከተሞች ደግሞ አይሲፒ በሚባለው ላይ ይታያል። የፓስፖርት ቁጥር፣ ዜግነትና የልደት ቀን ትሞላላችሁ። የሳውዲ ቪዛ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው የቪዛ ገጽ ላይ ይፈተሻል፤ የቤት ሠራተኛ ቅጥር ደግሞ ሙሳነድ በተባለው ሥርዓት ነው የሚያልፈው። ደላላው በላከላችሁ ሊንክ ግን አትግቡ። ራሳችሁ ፈልጉ፣ የቪዛ ማጣሪያ ገጹ አድራሻ መጨረሻም ዶት ጎቭ ዶት ኤኢ ወይም ዶት ጎቭ ዶት ኤስኤ መሆኑን እዩ። ሐሰተኛ ቪዛ የሚሠራ ሰው ሐሰተኛ ድረ ገጽ መሥራትም አያቅተውም።

ኤጀንሲውን ደግሞ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ማጣራት ይቻላል። ኤልኤምአይኤስ የሚባለው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ነው ተመዝጋቢውም ኤጀንሲውም የሚገቡት። በስልክ ካልሆነላችሁ ወረዳው ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱና ስሙን ጠይቁ። ሕጋዊ ኤጀንሲ መንግሥት ጋ ያስያዘው የዋስትና ገንዘብ አለው፣ ቢበድላችሁ የምትከሱት አካል አለ። ቡና ቤት ተቀምጦ ብር የሚቀበል ሰው ዋስትናው ስልክ ቁጥሩ ነው፤ እሱንም ይቀይረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከበሬው በፊት፦ የጤና ምርመራውን አስቀድሙ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኤችአይቪ እና እርግዝና ያያሉ። ሁሉ ነገር ከተሸጠ በኋላ «አላለፈችም» ሲባል የሚመለስ ብር የለም።

ያለ ቪዛ በጂቡቲና በየመን የሚሄዱትን አልረሳሁም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በ15 ወር ጊዜ ውስጥ ብዙ መቶ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ጽፏል። ከዚያ ተርፎ ገብቶ የተያዘ ሰው ደግሞ አሻራው ተወስዶ ይመለሳል፤ ኋላ በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ሲል ያ አሻራ ይጠብቀዋል።

ወንዶች ደግሞ «ኮምፒውተር ሥራ፣ ታይላንድ» የምትባለዋን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ምያንማር ድንበር ላይ ካሉ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ሺዎች ሲለቀቁ፣ ከመካከላቸው ብዙ መቶዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በቱሪስት ቪዛ ባንኮክ ገብተው፣ ከዚያ በመኪና ወንዝ ተሻግረው ግቢ ውስጥ የተዘጋባቸው አሉ። ቪዛው የምር ነበር፣ ሥራው ነው ያልነበረው።

ያቺ ልጅ መልሴን ካየች በኋላ ለሁለት ቀን አልጻፈችልኝም። ኋላ አጎቷ ደላላው ጋ ሄዱ። «እኔ ቪዛ አወጣለሁ አልኩ እንጂ የሥራ ቪዛ አላልኩም» አላቸው። እውነቱን ነው፣ አላለም፤ ማንም አልጠየቀውማ። በሽማግሌ ከብሩ ግማሹ ተመልሷል። እሷ አሁን ወረዳው ላይ ተመዝግባለች።

ፓስፖርቷ ግን አሁንም እሱ ጋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ አመጣዋለሁ ብሎ ነበር። አሁን ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥሯታል።