የመጋዘን ግቢ ከመደልደሉ በፊት መሬቱን ስለ መመርመር

ነጋዴ አንድ ጆንያ ቡና ከመግዛቱ በፊት እጁን ሰዶ ፍሬውን ያያል፤ እርጥበቱንም ይመረምራል። ይኸው ሰው የመጋዘን ቦታ በያዘ ጊዜ ግን፥ መሬቱን ሳይመረምር ግቢውን ማስደልደልና ዛፍ ማስተከል ይጀምራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ክረምት ሲገባ ነው፤ ጎርፍ ወደ መጋዘኑ ይዘልቃል፤ የጭነት መኪና በጭቃ ይያዛል፤ ዕቃውም ይሻግታል።

በመጀመሪያ የሚመረመረው የውሃው መንገድ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘቀዘቀች ስለ ሆነች፥ በሰሜን የዘነበው ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። የዓመቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለ ሆነ፥ ቦታውን በሐምሌ ወይም በነሐሴ፥ ዝናቡ እንዳባራ ሄዶ ማየት ይመረጣል። በበጋ የሚመረምር ሰው በግንብ ላይ የቀረ የጭቃ ምልክት ወይም ቄጠማ ቢያገኝ፥ ውሃ የሚተኛበት ስፍራ መሆኑን ይረዳል። የመሬቱም ተዳፋት ውሃ በተሞላ ቀጭን ቱቦ ይለካል። በድልደላው ጊዜ ከግድግዳው እስከ 3 ሜትር ርቀት ድረስ መሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል መልካም ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል በብዙ ስፍራ የሚገኘው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር፥ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በላዩ የተነጠፈው ድንጋይ ይነሣል፤ አጥሩም ይሰነጠቃል። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቢቆፈር የአፈሩ ዓይነት ይታያል። አፈሩ ከራሰ በኋላ እንደ ገና የተጨመረው ውሃ እስከ ማግስቱ ሳይሰርግ ከቆየ፥ ውሃ የማያሳልፍ መሬት ነው። መኪና በሚያልፍበት ስፍራ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ይገባል፤ ለሕንፃው መሠረት ግን መሐንዲስ ማማከር ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ፀሐይና ዛፍ ነው። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምዕራቡን ግድግዳ ስለሚያግል፥ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ በዚያ በኩል መትከል ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ ግን ብዙ ውሃ ስለሚስብ፥ በጥቁር አፈር ላይ ከግድግዳ አጠገብ የተተከለ እንደ ሆነ መሬቱን አድርቆ መሠረቱን ያናጋል፤ ስለዚህ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከሕንፃው መራቅ አለበት።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የጥቂት ሠራተኞች የቀን ዋጋና የአንድ ክረምት ትዕግሥት ነው። በእርጥበት የተበላሸ ቡና ወይም እህል የሚያስከትለው ኪሳራ ግን ከዚህ ወጪ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።